ጉራ ከነማስረጃው

ጄኔቫ ዳር፣ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር የሚኖር አበሻ ሁሉ ጉረኛ መሆኔን ያውቃል። እኔም አልክድም። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ፈረንሳይኛን ጄኔቫ ውስጥ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቆሜ፣ እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣ ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሂሳቡንም እንዲሁ፣ ተማሪዎች ከጣሏቸው መጻሕፍት። ዛሬ በሰፈሬ የልጅ ነገር፣ የቤት ነገር፣ የሥራ ነገር የጨነቀው ሰው «ሽማግሌውን ጠይቃቸው» ይባላል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ይህን እኔ ካልተናገርኩት ማን ሊናገርልኝ ነው? እንዲያው በባዶው የሚጎርር ሰው ግን አልወድም። ለጉራዬ አንድ ሕግ አለኝ፤ ማስረጃ የሌለው ነገር ከአፌ አይወጣም።

ልጄ በዚህ በኩል እኔን አልወጣችም። ያደገችው እኔ መርከብ ላይ በምሠራበት ዘመን፣ በእናቷና በአክስቶቿ እጅ ነው። በእነሱ ቤት ልጅን ሰው ፊት ማመስገን ነውር ነው፤ ከነውርም አልፎ ዓይን መጥራት ነው። አንድ ሰው «ልጅሽ እንዴት አምራለች!» ሲል «ኧረ ምኗ ያምራል!» ተብሎ ነው የሚመለሰው። ጄኔቫ የመጣችው ይህን ሁሉ ይዛ፣ ሙሉ ሰው ሆና ነው። እዚህም መጥታ አልለቀቃትም።

የልጅ ልጄ ግን ጄኔቫ ተወለደች። ትምህርት ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ እጇን ይዤ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። በር ላይ ከመምህራኖቿ ጋር ቆሜ ስለ እሷ ስለፈልፍ ደወሉ ይደወልብኝ ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሆናት አማቼ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሥራ አገኘና ቤተሰቡ ተነሥቶ ዙሪክ ጥግ፣ ሽሊረን ገባ። ልጅቷም ፈረንሳይኛና አማርኛ ብቻ ይዛ ጀርመንኛ ወደሚነገርበት ክፍል ገባች። እኔ ጄኔቫ ቀረሁ፤ ባቡር እንዳለ ግን አለ።

ባለፈው ዓመት የካቲት ልጠይቃቸው ሄድኩ። እራት ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን እንደተቀመጥን ልጄ አንድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰችና፣

«አባዬ፣ የትምህርት ቤቱን ነገር ጨረስነው» አለችኝ።

«ምኑን ጨረሳችሁት?»

«ቤ ገባች።»

ለማያውቅ ላስረዳ። ዙሪክ ውስጥ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ወደ መካከለኛው ትምህርት ቤት ሲያልፍ በደረጃ ይደለደላል። ጠንከር ያለው አ፣ ቀለል ያለው ቤ ይባላል። የት እንደሚገባ መምህሩ፣ ወላጆቹና ልጁ ራሱ ተቀምጠው፣ ተነጋግረው ነው የሚወስኑት። ቤ የወደቀ ልጅ ቦታ አይደለም። ከዚያ ወጥተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው ከእኔ የተሻለ ቤት የሚኖሩ የአገራችን ልጆች አውቃለሁ። የእኛዋ ሐሳብ ግን ተምራ የመድኃኒት ባለሙያ መሆን ነው፤ ለዚያ የሚቀርበው መንገድ በአ በኩል ያልፋል። ደግሞም ቦታዋ ቤ ቢሆን ቤ ትግባ እል ነበር። ቦታዋ አይደለም።

«መምህሯ ምን ብላ ነው?» አልኳት።

«በጽሑፍ ጥሩ ናት፣ ክፍል ውስጥ ግን እጇን አታነሣም፣ አትናገርም አለች። ከዚያ ‹ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«አንቺስ?»

«ምን እላለሁ? ‹ሰነፍ ናት፤ ካልገፏት አትሠራም፤ እባክዎ ይቆጡልኝ› አልኳት።»

«ሰነፍ ናት እንዴ?»

«ኧረ እሷ! መጽሐፍ ከእጇ ወርዶ ያውቃል? ግን የገዛ ልጄን ‹ጎበዝ ናት› ብዬ ፊቷ ላይ ልዘርጋ? ምን ትለኛለች? ‹እርስዎ ያወቁት ይሁን› ብዬ፣ አመስግኜ መጣሁ።»

አማቼ እንጀራውን እንደጠቀለለ ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እዚህ አገር ‹ሰነፍ› ካልሽ ‹ሰነፍ› ብለው ነው የሚጽፉት ብያት ነበር።»

«አንተ ሥራ ላይ ነበርክ፤ እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ!» አለችው።

እኔ አልሳቅኩም። ቀይ ባሕር ላይ ያለችው ትንሿ የወደብ ከተማችን ትዝ አለችኝ። አባቴ ለሰባተኛ ክፍል ሊያስመዘግበኝ ሲወስደኝ፣ በከተማዋ አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ብቻ ስለነበረ ግቢው በልጅና በወላጅ ተጨናንቆ ነበር። ዲሬክተሩ «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲሉት አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ይህ ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ። ከቻሉ ሰው ያድርጉልኝ» አላቸው። ዲሬክተሩ ፈገግ ብለው መዘገቡኝ፤ መጀመሪያው ረድፍ ላይም አስቀመጡኝ። አባቴ «ድንጋይ» ሲል «አደራ» ማለቱ እንደሆነ ያውቃሉ። እሳቸውም የራሳቸውን ልጅ ለሌላ መምህር ሲሰጡ «ድንጋይ» ነው የሚሉት። አባቴ ታሞ በእሱ ፈንታ ወደብ ገብቼ ጭነት ማውረድ እስክጀምር ድረስ፣ ከዚያ መጀመሪያ ረድፍ ማንም አላነሣኝም።

የሽሊረኗ መምህርት ግን ይህን ከየት ታምጣው? እሷ የሰማችውን ሰማች። እናት ራሷ ሰነፍ ናት ካለች፣ ልጅቷም እጇን ካላነሣች፣ ምን ትበል? እኔ በመምህርቷ አልተቆጣሁም። እዚያም ቢሆን ተማሪው በዝቶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተገጣጣሚ ክፍሎች ተተክለዋል። ልጅ በበዛበት ቦታ ዝም ያለ ልጅ ወደ ኋላ እንደሚገፋ ሁለት አገር ላይ አይቻለሁ።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ጎመኑን በጣቷ ከወዲያ ወዲህ ታደርጋለች።

«አንቺስ እዚያ ተቀምጠሽ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«አልጠየቀችሽም?»

«ጠየቀችኝ። ራስሽን እንዴት ታያለሽ አለች። አላውቅም አልኩ።»

«እውነት አታውቂም?»

ቀና አለች። «አባባ፣ እማዬ አሁን ሰነፍ ናት ብላ እኔ ጎበዝ ነኝ ልበል? ከዚያ እማዬ ውሸታም ትሁን?»

ልጄ ውኃ ልታመጣ ተነሣች፤ ውኃው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አ መግባት ፈልገሽ ነበር?» አልኳት ልጅቷን ቀስ ብዬ።

«አዎ» አለች። ይህንንም የተናገረችው ለሳህኑ ነው።

አማቼ የሥራ ባልደረባው ልጅ ጋ እንደዚሁ ሆኖ እንደነበረ ነገረን። ወላጅ ካልተስማማ፣ ክፍሎቹ ሳይደለደሉ፣ ዲሬክተሩ ባለበት ሁለተኛ ጊዜ መነጋገር ይቻላል። ነገሩ ለልጄ አልዋጥላት አለ። «እሺ ብዬ፣ አመስግኜ ወጥቼ፣ አሁን ተመልሼ ቃሌን ልጠፍ? ሴትዮዋ ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትልሽም። እኔ አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት።

«እሱ ነው የፈራሁት» አለች።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ የልጅቷ ጉብዝና እርግጥ ይሁን እንጂ ማስረጃው በእጄ አልነበረም። ጄኔቫ ሳለች ያየሁት የልጅነት ነገር ነው፤ ያ ለዙሪክ አይሆንም። ማስረጃውን ያገኘሁት እሑድ ዕለት ነው፣ ያውም ባልጠበቅኩት ቦታ።

ልጄና አማቼ ጴንጤ ናቸው። እኔ የተጠመቅኩበትን አልለቅም፤ ግን የቤታቸው እንግዳ ስለሆንኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ጉባኤያቸው የሚሰበሰበው ሽሊረን ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ በተከራዩት አዳራሽ ነው። ደረጃው ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። መዝሙሩ አብቅቶ ሰባኪው ሲነሣ፣ የልጅ ልጄም ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። ምን ልትሆን ነው ብዬ ሳልጨርስ ሰባኪው በአማርኛ ጀመረ፤ እሷ ደግሞ ከሥር ከሥሩ በጀርመንኛ ተቀበለችው። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሰባኪው አማርኛ አይገባቸውም፤ ጥገኝነት ጠይቀው የመጡት ወጣቶች ደግሞ ጀርመንኛቸውን ከእሷ አፍ ይለቅማሉ። ሰባኪው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል። ቢፈጥንም አልቀደማትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ሲደራርብባት፣ እጇን ትንሽ አንሥታ «ወንድም፣ ቀስ በል» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። ሰባኪውም ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ቀስ ብሎ ጀመረላት።

መቀመጫዬ ላይ ረዘምኩ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው በክርኔ ነካሁትና «የእኔ ናት» አልኩት። «እናውቃለን አባባ፤ ሲገቡም ነግረውኛል» አለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ልጄን ያዝኳት። «ይህን መምህሯ ታውቃለች?»

«ይህን ምኑን?»

«ሰው ፊት ቆማ በሁለት ቋንቋ መናገሯን!»

«ምን አገናኘው አባዬ? ይህ እኮ ጸጋ ነው።»

«ጸጋውን ማን ሰጣት አላልኩሽም። መምህሯ ታውቃለች ወይ ነው ያልኩሽ።»

አታውቅም።

አማቼ ትምህርት ቤቱ ደውሎ ሁለተኛው ስብሰባ ለሐሙስ ተያዘ። እስከዚያ ድረስ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየጠበቅኩ ሊማት ወንዝ ዳር አንሸራሽራት ጀመር። ሥራችን ጉራ መለማመድ ነበር። በአባቶቻችን ዘመን ጀግና ይፎክር ነበር፤ ሲፎክር ደግሞ ያደረገውን ይቆጥራል እንጂ ነፋስ አይዘራም አልኳት።

«በይ፣ ጀርመንኛሽ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።»

«ትንሽ ትንሽ የሚለውን ወንዙ ውስጥ ጣይው። እንደገና።»

«አባባ፣ ፓይንሊሽ ነው!» ያሳፍራል ማለቷ ነው። ሲጨንቃት ጀርመንኛው ይቀድማታል። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴትዮ እንኳ እንዳትሰማት ዙሪያዋን ታያለች።

«እኔን እዪ። እኔ ፈረንሳይኛ እችላለሁ! ማስተማሪያ ሳይኖረኝ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ተማርኩ! ማስረጃ፤ ጄኔቫ ውስጥ ስንት ጊዜ አብረን ሐኪም ቤት ሄድን፤ አንድ ቀን አስተርጓሚ ፈልጌ አውቃለሁ?»

«ይህንን ሁልጊዜ ነው የምትለው።»

«እውነት ስለሆነ ነዋ። አሁን አንቺ።»

ወንዙን አየች። «ጀርመንኛ እችላለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ከዳክዬዎቹ በታች ነበር።

«ማስረጃ?»

«እ... እሑድ እሑድ አስተረጉማለሁ።»

«እጅሽን ክፍል ውስጥ ለምን አታነሺም?»

ትንሽ ሄድን። «መምህሯ እየተናገረች እንዴት ላቋርጣት? እማዬ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል ትላለች። ሌሎቹ እየጮኹ ነው የሚናገሩት። ጨርሳ ዝም እስክትል ስጠብቅ፣ እነሱ ቀድመው መልሰዋል።»

«ይህንንም ንገሪያት» አልኳት። «ይህም ማስረጃ ነው።»

ሐሙስ ደረሰ። እኔ ከጄኔቫ ይዤው የመጣሁትን ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ክፍሉ ውስጥ መምህርቷ፣ ሹራብ የለበሰ ረጅም ዲሬክተርና እኛ ሦስታችን፣ እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ፣ ተቀመጥን። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ፤ ግድ የለም። ጀርመንኛ አልችልም፤ መምህርቷ ግን ለክፍሏ ፈረንሳይኛም የምታስተምረው ራሷ ናት፤ ዲሬክተሩም ጥቂት ይሰማል። ስለዚህ ፈረንሳይኛዬን አወጣሁት።

ጥሩ ተናገርኩ። ስለ እኔ ጀመርኩ፤ የት ተነሥቼ የት እንደደረስኩ ሳያውቁ የልጅ ልጄን ሊያውቋት አይችሉም። ከዚያ ስለ አገራችን ወግ፣ እናት ልጇን መምህር ፊት ለምን እንደምታንቋሽሽ አስረዳሁ። መምህርቷ ብዕሯን አስቀምጣ ታዳምጠኝ ጀመር። ዲሬክተሩ «ይህን አላውቅም ነበር» አለ። ይህ ሲሆን የበለጠ ሞቀኝና ወደ ወደቡ፣ ወደ መርከቡ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመለስኩ። ገና ጋዜጣው ጋ ሳልደርስ ክንዴ ላይ ትንሽ እጅ አረፈ።

«አባባ፣ በቃ» አለች። «አሁን እኔ ልናገር።»

እናቷ ደነገጠች። በቤታችን ታሪክ ልጅ ሽማግሌ አቋርጦ አያውቅም። እኔ ግን አፌን ዘጋሁ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አፌን የዘጋሁበት ቀን የለም።

በጀርመንኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ አንድም ቃል አልያዝኩም። እናቷ ጆሮዬ ሥር እየተረጎመችልኝ ነው የተከታተልኩት። የምትችለውን ቆጠረች፤ ለእያንዳንዱም ማስረጃ አስከተለች። ሂሳቡን፣ የምታነባቸውን መጻሕፍት፣ የእሑዱን ትርጉም። የማትችለውንም ደበቅ አላደረገችም፤ ረጅም ድርሰት ስትጽፍ የፈረንሳይኛ የቃላት አሰካክ እየገባባት እንደምትሳሳት ተናገረች። ያንን እኔ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ ነው። እጇን ለምን እንደማታነሣም ነገረቻቸው። መምህርቷ ትንሽ ቀላ አለች።

«ባለፈው ስንገናኝ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» ስትል ጠየቀቻት።

«እናቴ አስቀድማ ተናግራ ነበር» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ዲሬክተሩ ረጅም ነገር መናገር ጀመረ። የተማሪው ቁጥር መጨመሩን፣ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ክፍል መታከሉን፣ አ ውስጥ የገባ ልጅ ካልሆነለት በዓመቱ መሐል ሊዛወር እንደሚችል፣ ከቤም ወደ አ መውጣት እንዳለ። ይህን ሁሉ የማውቀው ልጅቷ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዳይቀርብኝ ብላ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰችልኝ ስለነበረ ነው። ዲሬክተሩ መሐል ላይ ቆመና አያት። መምህርቷም አየቻት። እሷ ግን ሥራ ላይ ስለነበረች አላስተዋለችም፤ «ቀጥል» እንደማለት ራሷን ነቀነቀችለት። ልክ ሰባኪውን እንዳዘዘችው።

ሁለቱ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ዲሬክተሩ ወደ ልጄ ዞረ። «እኛ አ ይሻላታል ወደሚለው አዘንብለናል፤ ግን ያለ እናቲቱ ሐሳብ አንወስንም፤ እርስዎ ስለ ልጅዎ ምን ይላሉ?» አላት።

ልጄን አውቃታለሁ። እናቷ፣ አክስቶቿ፣ ያደገችበት ሰፈር ሁሉ ከኋላዋ ተሰብስበው ቆመው ነበር። በጀርመንኛ ጀመረች፤ ተቋረጠባት። ፈረንሳይኛውንም ሞከረች፤ እሱም አልመጣላትም። በመጨረሻ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ እንደተከለች በአማርኛ አወጣችው።

«ልጄ ጎበዝ ናት። በጣም ጎበዝ ናት። ሰነፍ ያልኳት እንዳልመጻደቅ ነው እንጂ፣ አንድ ቀን ሰነፍ ሆና አታውቅም።»

ከእኛ ሌላ የገባው የለም። ሁለቱ ፈረንጆች እንግዲህ ዓይናቸውን ወደ አስተርጓሚዋ አዞሩ። አስተርጓሚዋ ደግሞ ስለ ራሷ የተነገረውን ራሷ ልትናገረው ነው። ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እናቷን አየች፤ እናቷ አሁን ቀና ብላ ነበር። እኔን አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተናገረችው። ልክ የእናቷን ንግግር ያህል ነው፤ አላሳጠረችም፣ ትንሽ ትንሽም አላለችም።

አ ተባለ።

ትራም ፌርማታው ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ልጄ የልጇን ኮፍያ ግንባሯ ድረስ እየጎተተች፣ ዓይኗን በጓንቷ ጀርባ እየጠረገች «ጌታ ይመስገን» አለች።

«ይመስገን» አልኩ። «እኔም ቢሆን ትንሽ ልመስገን።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ማስረጃህ የታል፣ አባባ?»

ማስረጃዬ ኮፍያዋን አጥልቃ ከፊቴ ቆማ ነበር። ያን ዕለት ግን ይህን አልነገርኳትም። ትራሙም መጣ።